በአንድ ወንበር 57 ዓመት፦ የግራምብሊንጉ አሠልጣኝ የኤዲ ሮቢንሰን የሙያ ጉዞ



የዛሬው ንግግር ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈ ወዲህ ከባልደረቦቼም ከተማሪዎቼም አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ደርሶኛል፤ «የአሜሪካ የኮሌጅ አሠልጣኝ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ መልሴን ከመነሻው ላስቀምጥ። የምናገረው ስለ ጨዋታ ብቻ አይደለም። በድህነትና በመገለል ውስጥ የነበረ አንድ ትምህርት ቤት በአንድ መምህር ትጋት እስከ ምን ድረስ ሊገነባ እንደሚችል፣ መምህሩ ሲያረጅና ዘመኑ ሲለወጥ ደግሞ ምን እንደሚገጥም የሚያሳይ ታሪክ ነው። የመምህርን ሥራ በምን እንለካዋለን? ወንበሩን የሚለቅበትን ጊዜ የሚያውቀው ማን ነው? እነዚህ ጥያቄዎች በዚህ አዳራሽ የተቀመጥነውን ሁሉ ይመለከታሉ።

ወደ ፍሬ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ሁለት ማብራሪያዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው። ሁለተኛ፣ ፉትቦል ስል እኛ እግር ኳስ የምንለውን ማለቴ አይደለም። በ100 ያርድ ሜዳ ላይ ከእያንዳንዱ ወገን 11 ተጫዋቾች ተሰልፈው፣ ሞላላ ኳስ በእጅ ይዘው እየሮጡና እየወረወሩ ወደ ተቃራኒው ጫፍ ለመድረስ የሚታገሉበት የአሜሪካውያን ጨዋታ ነው። ጨዋታውን የሚመራው፣ ኳሱን ተቀብሎ ለማን እንደሚሰጥ ወይም ወዴት እንደሚወረውር በቅጽበት የሚወስነው ተጫዋች ኳርተርባክ ይባላል። ይህን ቃል ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የፉትቦል ዋና አሠልጣኝ መሆን ስልት ከመንደፍ የሰፋ ኃላፊነት ነው። አሠልጣኙ የ17 እና የ18 ዓመት ወጣቶችን ከየቤታቸው ይመለምላል፤ ለወላጆቻቸው ቃል ይገባል፤ ረዳቶቹን ይመርጣል፤ ተጫዋቾቹ ተማሪዎች በመሆናቸውም ለትምህርታቸው ይጠየቃል። ዛሬ በብዙ ክፍለ ግዛቶች ከመንግሥት ሠራተኞች ሁሉ ከፍተኛውን ደመወዝ የሚያገኘው የዩኒቨርሲቲው የፉትቦል ወይም የቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ ነው። የዛሬው ባለታሪካችን ግን ሥራውን የጀመረው በወር 63 ዶላር ከ75 ሳንቲም ነበር።

ኤዲ ሮቢንሰን በ1919 በሉዊዚያና ክፍለ ግዛት፣ ጃክሰን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ በሰው መሬት ላይ ጥጥ የሚያርስ የእኩል አራሽ፣ እናቱ ደግሞ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ሴት ነበረች። ቤተሰቡ ወደ ባተን ሩዥ ከተማ ከመጣ በኋላ፣ ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ የማኪንሊ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አሠልጣኝ ተጫዋቾቹን አስከትሎ ሲመጣ አየ። ልጆቹ ለአሠልጣኙ ያሳዩትን አክብሮት ባየ ጊዜ የወደፊት ሥራውን እንደመረጠ በኋለኛው ዘመኑ ይናገር ነበር። ከዚያም በሊላንድ ኮሌጅ በኳርተርባክነት ተጫወተ። ኮሌጁን ሲጨርስ ግን ለጥቁር አሠልጣኝ ክፍት የሆነ በር ጥቂት ነበርና በባተን ሩዥ በአንድ የከብት መኖ ፋብሪካ በሰዓት 25 ሳንቲም እየተከፈለው ይሠራ ጀመር።

በ1941 በሰሜን ሉዊዚያና፣ ግራምብሊንግ በምትባል ቦታ የሚገኝ የጥቁሮች የመምህራንና የሙያ ማሠልጠኛ ተቋም አሠልጣኝ ይፈልግ እንደነበረ ሰማ። ተቋሙ የተመሠረተው በ1901 ነው። በወቅቱ ፕሬዚዳንቱ ራልፍ ዋልዶ ኤመርሰን ጆንስ ነበሩ፤ እሳቸውም ራሳቸው የቤዝቦል ቡድኑን የሚያሠለጥኑ ሰው ነበሩ። የ22 ዓመቱ ሮቢንሰን ተቀጠረ። ይህ ተቋም በ1946 ግራምብሊንግ ኮሌጅ፣ በ1974 ደግሞ ግራምብሊንግ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ስሙ ሁለት ጊዜ ሲለዋወጥ አሠልጣኙ አልተለወጠም።

በመጀመሪያው የውድድር ዘመን ቡድኑ 3 ጨዋታ አሸንፎ 5 ተሸነፈ። በሁለተኛው ዓመት፣ በ1942፣ 9ኙንም ጨዋታዎች አሸነፈ፤ በእነዚያ 9 ጨዋታዎች አንድም ነጥብ አልተቆጠረበትም። በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት በዓለም ጦርነቱ ምክንያት ኮሌጁ ቡድን አላሰለፈምና ሮቢንሰን በግራምብሊንግ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጆችን አሠለጠነ። የዚህ ጊዜ አንድ ታሪክ ብዙ ጊዜ ይነገራል። የጥጥ መልቀሚያው ወቅት ደርሶ አንድ አባት ልጆቹን ከቡድኑ ባስቀረ ጊዜ፣ አሠልጣኙ የቀሩትን ተጫዋቾች ይዞ ወደ እርሻው ሄደና ጥጡን አብረው ለቀሙ፤ ልጆቹም ወደ ሜዳ ተመለሱ። እኛ ደቦ የምንለው ነው። ትምህርት ቤትና ገበሬ በአንድ ልጅ ጉልበት ላይ ሲሻሙ መምህሩ የገበሬውን ችግር እንደ ራሱ ችግር መቁጠሩን ልብ በሉ።

በእነዚያ ዓመታት ሮቢንሰን ያልሠራው ሥራ አልነበረም። የሜዳውን ሣር ያጭዳል፤ መስመሩን በኖራ ያሰምራል፤ የተጎዳውን ቁርጭምጭሚት ያስራል፤ አውቶቡስ ይነዳል፤ ከጨዋታ በኋላም የጨዋታውን ዘገባ ራሱ ጽፎ ለጋዜጦች ይልካል። ለመንገድ ሳንድዊች ያዘጋጅ ነበር። ምክንያቱ ቁጠባ ብቻ አልነበረም፤ በደቡቡ ክፍል ያሉት ምግብ ቤቶች ጥቁር ተጫዋቾችን አያስተናግዱም።

እዚህ ላይ ስለ ዘመኑ ሥርዓት ጥቂት ማለት ግድ ይላል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1896 በሰጠው ውሳኔ «ተለያይቶ ግን እኩል» የሚለውን መርሕ ሕጋዊ አድርጎ ነበር። በተግባር መለያየቱ እውነት ሆነ፤ እኩልነቱ ግን አልነበረም። በትምህርት ቤቶች መለያየትን ሕገ ወጥ ያደረገው የ1954 ውሳኔ ከተሰጠ በኋላ እንኳ፣ የሉዊዚያና ክፍለ ግዛት በ1956 ጥቁርና ነጭ በአንድ የስፖርት ውድድር እንዳይገናኙ የሚከለክል ሕግ አወጣ። ሕጉ በፍርድ ቤት የተሻረው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ ግራምብሊንግ በጎረቤቱ ካሉት ታላላቅ የነጮች ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ያልተጋጠመው በአቅም ማነስ ሳይሆን በክልከላ ነበር። የክልከላው ሌላ ገጽታ ደግሞ አለ። በእነዚያ ዩኒቨርሲቲዎች ደጃፍ መቆም ያልተፈቀደላቸው የደቡብ ምርጥ ጥቁር ወጣቶች የቀራቸው ምርጫ የጥቁሮቹ ኮሌጆች ነበሩ። ግፉ ተሰጥኦውን ወደ ግራምብሊንግ ሰበሰበው። ይህን እውነታ ሳንይዝ የሮቢንሰንን ስኬትም ሆነ የኋላውን መዳከም ልንረዳ አንችልም።

የተሰበሰበው ተሰጥኦ ግን በራሱ ፍሬ አያፈራም። በ1949 የሮቢንሰን ተማሪ የነበረው ፖል ያንገር ከሎስ አንጀለስ ራምስ ጋር ተፈራርሞ ከጥቁሮች ኮሌጅ ወጥቶ በብሔራዊው የፕሮፌሽናል ሊግ የተጫወተ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። አሠልጣኙ ሲሸኘው፣ አንተ ካልተሳካልህ ከኋላህ ላሉት በሩ ይዘጋል የሚል አደራ እንደሰጠው ይነገራል። በ1963 ባክ ቡካናን በአሜሪካ ፉትቦል ሊግ ምልመላ ከሁሉ በፊት አንደኛ ሆኖ ተመረጠ። ዊሊ ዴቪስ፣ ዊሊ ብራውን፣ ባክ ቡካናንና ቻርሊ ጆይነር የተባሉት አራቱ ደቀ መዛሙርቱ በፕሮፌሽናል ፉትቦል የክብር አዳራሽ ስማቸው ሰፍሯል። በጠቅላላው ከ200 በላይ ተጫዋቾቹ ወደ ፕሮፌሽናል ሊጎች አልፈዋል።

የማስተማሪያ ዘዴው ምን ነበር? እንደ ዘመናችን አነጋገር የተራቀቀ አልነበረም። ጥቂት ስልቶችን ይመርጥና እስኪዋሐዱ ድረስ ያስደግማል። አንድ እርምጃ ከተበላሸ ሁሉም እንደገና ይጀመራል። የአብነት ትምህርት ቤት ያለፉ አባቶቻችን ይህን ዘዴ በደንብ ያውቁታል፤ ቅጸላም ክለሳም ያለው ትምህርት ነው። ከሜዳ ውጭ ደግሞ ማለዳ ደወል ይዞ በተጫዋቾቹ መኝታ ቤት እየዞረ ይቀሰቅሳቸው ነበር፤ ወደ ልምምድ ሳይሆን ወደ ክፍል እንዲሄዱ። ለጉዞ ኮትና ክራቫት እንዲያደርጉ ያዛል፤ በማዕድ ዙሪያ እንዴት እንደሚቀመጡና ከሰው ጋር እንዴት እንደሚነጋገሩ ያስተምራል። እሱም ራሱ መማሩን አላቆመም፤ በ1954 ከአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ዲግሪውን አገኘ።

አሁን ወደ ኳርተርባኩ ልመለስ። በዚያ ዘመን የፕሮፌሽናል ቡድኖች ጥቁር ተጫዋችን ለፍጥነቱና ለጉልበቱ ይቀጥሩታል፤ የማሰብና የመምራት ቦታ ነው ተብሎ በሚታመነው በኳርተርባክነት ግን አያሰልፉትም። በኮሌጅ ኳርተርባክ የነበሩ ጥቁሮች ፕሮፌሽናል ሲሆኑ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራሉ። ታዋቂው የስፖርት ጋዜጠኛ ሃዋርድ ኮሴል በ1960ዎቹ ይህንኑ ጉዳይ አንስቶ ሮቢንሰንን ጠየቀው፤ ከግራምብሊንግ ለምን በሊጉ የሚሰለፍ ኳርተርባክ አልወጣም አለው። ሮቢንሰን ጥያቄውን እንደ ዕዳ ተቀበለው። ጄምስ ሃሪስ የተባለውን ወጣት ሲመለምል ለዚያ ቦታ አዘጋጅሃለሁ ብሎ ቃል ገባለት፤ ቦታህን ቀይር ቢሉህ እሺ አትበል ብሎም መከረው። ሃሪስ በ1969 ከቡፋሎ ቢልስ ጋር የውድድር ዘመኑን የመክፈቻ ጨዋታ በኳርተርባክነት ጀመረ፤ በዚህም ከጥቁሮች የመጀመሪያው ሆነ። ከእሱ በኋላ የመጣው የግራምብሊንግ ልጅ ዳግ ዊሊያምስ በጥር 1988 በሱፐር ቦውል ዋሽንግተንን መርቶ ዴንቨርን 42 ለ10 አሸነፈ። በሁለተኛው ሩብ ብቻ ለአራት ጎሎች የሚሆን ኳስ ወርውሮ የጨዋታው ኮከብ ተባለ። አሠልጣኙም በስታዲየሙ ተገኝቶ ይህን በዓይኑ አየ።

እንግዲህ የታሪኩ ተቃርኖ የሚጀምረው እዚህ ነው። በመስከረም 1970 የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ወደ በርሚንግሃም ሄዶ የአላባማን ቡድን 42 ለ21 አሸነፈ። የዚያ ቀን ጀግና ሳም ከኒንግሃም የተባለ ጥቁር ተጫዋች ነበር፤ የአላባማ ተሰላፊዎች ሁሉ ግን ነጮች ነበሩ። የደቡብ ፉትቦል በዚያች ምሽት በሩን ከፈተ የሚል አፈ ታሪክ አለ። እንደ ተመራማሪ እርማት ልስጥ፤ የአላባማው አሠልጣኝ ቤር ብራያንት ዊልበር ጃክሰን የተባለውን ጥቁር ተጫዋች አስቀድሞ መልምሎ ነበር፤ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ስለነበር ብቻ በጨዋታው አልተሰለፈም። ለማንኛውም ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ታላላቆቹ የደቡብ ዩኒቨርሲቲዎች ጥቁር ወጣቶችን በስፋት መመልመል ጀመሩ። ትልቅ ስታዲየም፣ ቴሌቪዥንና ገንዘብ ካላቸው ተቋማት ጋር ግራምብሊንግ መፎካከር ነበረበት። ሮቢንሰን ዕድሜውን ሙሉ የታገለለት ፍትሕ ሲመጣ ቡድኑን የሚያሳሳ ሆኖ መጣ። በሩ የተከፈተውም ለተጫዋቾቹ እንጂ እንደ እሱ ላሉት አሠልጣኞች አልነበረም። በከፍተኛው ምድብ የመጀመሪያው ጥቁር ዋና አሠልጣኝ፣ ዊሊ ጄፍሪስ፣ በዊቺታ ስቴት የተሾመው በ1979 ነው። አላባማ ያለበት የደቡብ ምሥራቅ ኮንፈረንስ ሲልቬስተር ክሩምን በሚሲሲፒ ስቴት ለመሾም እስከ 2003 ድረስ ቆየ።

ይህም ሆኖ ሮቢንሰን ማሸነፉን ቀጠለ። በጥቅምት 1985 በዳላስ ፕሬሪ ቪውን 27 ለ7 በማሸነፍ 324ኛ ድሉን አስመዘገበና የብራያንትን 323 አለፈ። በጥቅምት 1995 400ኛው ድል ተጨመረ። መጨረሻ ላይ ሒሳቡ ሲዘጋ 408 ድል፣ 165 ሽንፈትና 15 አቻ ሆነ፤ በጠቅላላው 588 ጨዋታዎች ማለት ነው።

የብራያንትን ክብረ ወሰን ባለፈ ጊዜ «የተጋጠማቸው ቡድኖች ትንንሾች ናቸው» የሚል ትችት ተሰማ። ትችቱ መመርመር አለበት። እውነት ነው፣ ግራምብሊንግ በዝቅተኛው ምድብ ይወዳደር ነበር። ነገር ግን በሥራው እኩሌታ ዘመን ከሌሎቹ ጋር እንዳይጋጠም የከለከለው የአገሩ ሥርዓት ነው። ክልከላው ደግሞ ሁለት ወገን አለው፤ ብራያንትም አብዛኛውን ድሉን ያገኘው ጥቁር ተጫዋች በማይሰለፍበት የደቡብ ሜዳ ነው። አንዱን ዓምድ ብቻ በኮከብ ምልክት ለይተን ሌላውን ንጹሕ ብንለው ሚዛናችን ሐሰተኛ ይሆናል። ቁጥሩም ራሱ የማይነቃነቅ አይደለም። በ2003 በሚኒሶታ በሦስተኛው ምድብ የሚወዳደር ኮሌጅ አሠልጣኝ ጆን ጋግሊያርዲ 408ን አለፈ፤ በኋላም 489 ላይ አቆመ። የፔን ስቴቱ ጆ ፓተርኖ በ2011 409ኛውን ድል አገኘ፤ በ2012 በቀድሞ ረዳቱ የሕፃናት ጥቃት ወንጀል ምክንያት በተላለፈ ቅጣት 111 ድሎች ተሰረዙበት፤ በ2015 ተመለሱለት። በብዕር የሚሰረዝና በብዕር የሚመለስ ቁጥር የአንድን መምህር ዕድሜ ብቻውን ሊናገር አይችልም።

አሁን ስለ ፍጻሜው። ብዙ መታሰቢያ ጽሑፎች ይህን ክፍል በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፉታል። እኔ ግን ለእኛ ትልቁ ትምህርት እዚህ ያለ ይመስለኛል። ከ1995 ጀምሮ ቡድኑ ሦስት ዓመት በተከታታይ ከድሉ ሽንፈቱ በለጠ። በ1996 እና በ1997 በየዓመቱ ያሸነፈው 3 ጨዋታ ብቻ ነው፤ በ1941 እንደነበረው። የኮሌጅ ስፖርት ብሔራዊ ማኅበርም በደንብ ጥሰት ምርመራ ጀመረ። በ1996 መጨረሻ አስተዳደሩ የ77 ዓመቱን አሠልጣኝ ሊያሰናብት ተዘጋጀ። የቀድሞ ተማሪዎች ተቆጡ፤ የክፍለ ግዛቱ አስተዳዳሪ ሳይቀሩ ድምፃቸውን አሰሙ። በዚህም አንድ የስንብት ዓመት ተጨመረለት። በኅዳር 1997 በኒው ኦርሊንስ የመጨረሻ ጨዋታውን ከሳውዘርን ዩኒቨርሲቲ ጋር አድርጎ 30 ለ7 ተሸነፈ። ወንበሩን የወረሰው ተማሪው ዳግ ዊሊያምስ ነው። ሮቢንሰን ጡረታ ከወጣ ብዙም ሳይቆይ የአልዛይመር በሽታ ያዘው። በ588 ጨዋታዎች ውስጥ ያለፉ ልጆችን ስም ይዞ የኖረው አእምሮ ቀስ በቀስ ለቀቀው። በሚያዝያ 2007 በ88 ዓመቱ ሲያርፍ አስከሬኑ በሉዊዚያና ምክር ቤት ሕንፃ ለስንብት ተቀመጠ። አያቶቹ ሊመርጡ ባልተፈቀደላቸው ክፍለ ግዛት ማለት ነው።

ይህን ፍጻሜ ማን አበላሸው? አንዳንዶች አስተዳደሩን ይወቅሳሉ፤ ውለታ ቢስ ነው ይላሉ። ሌሎች ሽማግሌው በጊዜ አልወረደም ይላሉ። በእኔ አስተያየት ጥፋቱ የሁለቱም ነው፤ ከሁለቱም በላይ ግን የልማድ ነው። ሮቢንሰን በ1941 ሣር አጫጅም፣ ሾፌርም፣ ጸሐፊም ሆኖ ተቋሙን በትከሻው ተሸከመ። ይህ በጊዜው ግዴታ ነበር። ነገር ግን በአንድ ሰው ትከሻ ላይ የቆመ ተቋም፣ ሰውየው ሲደክም አብሮ ይደክማል። ሰውየውም ከትከሻው የሚወርድለት ስለማያገኝ ማረፍን እንደ ክህደት ይቆጥረዋል። ተተኪን ማዘጋጀት የአሠልጣኙ ብቻ ሳይሆን የተቋሙ የዘወትር ሥራ መሆን ነበረበት።

ይህን ስል ስለ ሩቅ አገር ብቻ የምናገር እንዳይመስላችሁ። እኔም ከ50 ዓመት በላይ የሆነኝ መምህር ነኝ። የማስተምረውን ኮርስ ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም ሲሉኝ ደስ የሚለኝ ጊዜ ነበር። ይህን ታሪክ ካጠናሁ ወዲህ ግን ምስጋና መስሎ የሚሰማኝ ነገር ጉድለቴን የሚያመለክት ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ስለሆነም ካለፈው ሴሚስተር ጀምሮ ኮርሱን ከአንድ ወጣት ባልደረባዬ ጋር እየተካፈልን እናስተምራለን። የክፍለ ጊዜውን እኩሌታ እሱ ይይዛል፤ እኔ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ አዳምጣለሁ። ቀላል አይደለም፤ እሱ የሚያስተምረው እንደ እኔ አይደለምና።

ተማሪዎቼ፣ የሮቢንሰንን ሥራ ለመመዘን ስትነሡ 408ን አትርሱ፤ በእሱ ግን አትጨርሱ። ማለዳ የተደወለውን ደወል፣ ለጉዞ የተጠቀለለውን ሳንድዊች፣ ቦታህን አትቀይር ተብሎ የተመከረውን ወጣት፣ እንዲሁም ያልተዘጋጀውን ተተኪ አብራችሁ መዝኑ። የመጨረሻውን ሚዛን ላይ ሳታስቀምጡ የምትሰጡት ፍርድ ለሰውየውም ክብር አይሆነውም፤ ለእናንተም ትምህርት አይሆናችሁም።

ጥያቄና ተቃውሞ ያላችሁ፣ መድረኩ የእናንተ ነው።